ሞመንትን በማን እንተካው? ዴይ ጄኤስ፣ ዴት-ኤፍኤንኤስ፣ ሉክሰን እና ቴምፖራል

ሞመንት ጄኤስ በጃቫስክሪፕት ቀንና ሰዓት ለማስላትና ለመጻፍ የሚያገለግል ላይብረሪ (ሌሎች በፕሮግራማቸው የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ነው። አዘጋጆቹ በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ላይብረሪው ከእንግዲህ ጥገና ብቻ እንደሚደረግለት አሳውቀዋል፤ አዲስ ፕሮጀክት የሚጀምር ሰው ሌላ እንዲመርጥም ራሳቸው መክረዋል። በ2022 የተገኙበት ሁለት የደኅንነት ቀዳዳዎች ስለተደፈኑ፣ ስሪት 2.29.4 ወይም ከዚያ በላይ የሚጠቀም ሰው ዛሬውኑ የሚያጣድፈው የለም። ከዚያ በታች ያለ ግን ምትክ ከማማረጡ በፊት ስሪቱን ያሳድግ።

ታዲያ ለምን እንልቀቀው? አንደኛ ከባድ ነው፤ ቋንቋዎቹን ሁሉ ይዞ ከገጹ ጋር ይጫናል። ሁለተኛው ይብሳል፦ መጽሐፍ በተዋሱበት ቀን ላይ 14 ቀን ደምረው መመለሻውን ሲያሰሉ፣ የተዋሱበት ቀንም አብሮ ይለወጣል። አራቱም ተተኪዎች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው።

ለቸኮለ ሰው ዴይ ጄኤስ ነው። መጠኑ 2 ኪሎባይት ገደማ ሲሆን አጻጻፉ የሞመንትን ስለሚመስል አብዛኛው ኮድ ሳይነካ ያልፋል። አማርኛም ያውቃል፤ እሑድ፣ ሰኞ ብሎ ይጽፋል። ወሮቹ ግን ጃንዋሪ፣ ፌብሯሪ ናቸው። ታይምዞን የመሰለው መሠረታዊ ነገር እንኳ በፕለጊን (ለብቻው በሚጨመር ኮድ) ስለሚመጣ፣ ፕለጊኑ በተጨመረ ቁጥር የትንሽነቱ ነገር እየቀረ ይሄዳል።

ዴት-ኤፍኤንኤስ የተለየ አስተሳሰብ ነው፤ ነጠላ ፋንክሽኖችን እየመረጡ የሚወስዱበት። ትልልቅ ፕሮጀክት ውስጥ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ሲዛወሩ ግን ፎርማቱን (ቀኑ እንዴት እንደሚጻፍ የሚነግሩትን ፊደላት) ልብ ይበሉ፦ ሞመንት ዓመትን በትልቁ ዋይ፣ የወሩን ቀን በትልቁ ዲ ይጽፋል፤ እዚህ ሁለቱም በትንሹ ናቸው። ደግነቱ የድሮውን ቢሰጡት ዝም ብሎ የተሳሳተ ቀን አያወጣም፣ ስህተት ብሎ ይጮኻል። የታይምዞን ድጋፉ የተሟላው በ2024 በወጣው ስሪት 4 ነው።

የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ ሲስተም ከሆነ ጉዳዩ ይለወጣል። ከሞመንት አዘጋጆች በአንዱ የተሠራው ሉክሰን ቋንቋና ታይምዞን የሚወስደው ከብሮውዘሩ ነው፤ የማሳያ ካላንደሩን ኢትዮጵያዊ ካደረጉት «መስከረም» ብሎ ይጽፍልዎታል። ነገር ግን ስሌቱ ፈረንጅኛ ነው። «የወሩ መጀመሪያ» ሲሉት የሴፕቴምበርን መጀመሪያ እንጂ መስከረም 1ን አይሰጥም። ደመወዝ ወይም የቤት ኪራይ በኢትዮጵያ ወር ለሚያሰላ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጎ የሚያሰላው ቴምፖራል ብቻ ነው፤ እሱም ላይብረሪ ሳይሆን የጃቫስክሪፕት ቋንቋ የራሱ አካል ነው። ፋየርፎክስ በ2025 በስሪት 139 አስገብቶታል። በሌለው ብሮውዘር ላይ ማሟያ ኮድ መጫን ግድ ነው፤ ያም ከዴይ ጄኤስ በብዙ ይከብዳል። የካላንደር ስሌት ካለብዎት ክብደቱን ይቀበሉት፣ ከሌለብዎት ግን አይድከሙ።

እርስዎ ራስዎ ሌሎች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ባለቤት ከሆኑስ? የግራፍ መሥሪያው ቻርት ጄኤስ በ2021 በስሪት 3 ሞመንትን አውጥቶ ምርጫውን በአዳፕተር (ሁለት ላይብረሪዎችን በሚያገናኝ ኮድ) በኩል ለተጠቃሚው ተወ። የድረ ገጽ ክፍሎች መሥሪያው አንት ዲዛይን ደግሞ በ2022 በስሪት 5 ዴይ ጄኤስን ተካበት። ሁለቱም ለውጡን ያደረጉት በዋና ስሪት (የድሮ ኮድ ሊሰበር እንደሚችል በሚጠበቅበት) ነው፤ ፋንክሽንዎ የሞመንት ኦብጀክት የሚመልስ ከሆነ በትንሽ ስሪት መቀየር የሰውን ኮድ መስበር ነው። ለላይብረሪ የቻርት ጄኤስን መንገድ እመርጣለሁ። ለራስዎ አፕሊኬሽን ግን አዳፕተር መሥራት ከንቱ ድካም ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ሞመንትን ከፓኬጅ ዝርዝሩ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ሌላ ፓኬጅ በጓሮ ይዞት ሊገባ ስለሚችል በኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማስተዳደሪያ) ማን እንደሚጠራው ያጣሩ፤ የታይምዞን ማሟያው ሞመንት-ታይምዞንም ካለ ሞመንት አብሮ አለ።