«ዘ ፍሬንች ሼፍ»ን ዛሬ ማየት፦ ከየትኛው ክፍል ይጀመራል?

በዛሬ የምግብ ቪዲዮ ሽንኩርት በ2 ሴኮንድ ይቁላላል። ሲከተፍ እናያለን፣ ወዲያው ደግሞ ቀልቶ እናገኘዋለን፤ መሃል ላይ ያለው፣ ዋናው ሙያ፣ ተቆርጦ ቀርቷል። አሜሪካዊቷ የምግብ ባለሙያ ጁሊያ ቻይልድ በቦስተኑ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ በደብሊው ጂ ቢ ኤች ያቀረበችው የፈረንሳይ ምግብ ፕሮግራም «ዘ ፍሬንች ሼፍ» ግን 60 ዓመት አልፎትም ያንን መሃሉን ያሳያል። ሙያ መልመድ ለሚፈልግ ሰው ከድሮዎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ አስቀድመን የምንመክረው ይህንን ነው።

ስርጭቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 ነው። የጣቢያው ስቱዲዮ በ1961 በእሳት በመውደሙ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተቀረጹት በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የማሳያ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ቴፕ ቆርጦ መቀጠል ውድ ስለነበር አዘጋጁ ረስል ሞራሽ 30 ደቂቃ የማይሞላውን እያንዳንዱን ክፍል ሳያቋርጥ ለመቅረጽ ይጥር ነበር። 3 ሰዓት የሚፈጅ ምግብ ሲሆን በየደረጃው የበሰለ ድስት አስቀድሞ ተሰናድቶ ይጠብቃል። የቀረው ሁሉ፣ ስህተቱም ጭምር፣ ዓይናችን እያየ ይሆናል።

ለጀማሪ ከ1972ቱ የኦምሌት ክፍል የተሻለ መግቢያ የለም። ለአንድ ሰው 2 ወይም 3 እንቁላል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ መቀመጫው 18 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የማይዝ መጥበሻ ይበቃል። ቅቤው በኃይለኛ እሳት ላይ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው መብረድ ሲጀምር፣ ቅቤው ግን ሳይጠቁር፣ እንቁላሉ ይገባል። ትንሽ ረጋ ሲል መጥበሻውን ወደ ራስ ሳብ ሳብ ማድረግ ነው፤ እንቁላሉ በራሱ ላይ ይጠቀለላል። ሁሉም ነገር ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅቤው ነው። አረፋው የሚመጣው ቅቤ ውስጥ ካለው ውሃ ስለሆነ ውሃው ወጥቶለት የተነጠረ ቅቤ ያንን ምልክት አይሰጥም። ኮረሪማውና በሶብላውም የእንቁላሉን ጣዕም ይውጡታል። ለዚህ ምግብ ለጋ ቅቤ ወይም የገበታ ቅቤ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ክፍል፣ በቀይ ወይን የሚሠራው የበሬ ሥጋ ወጥ፣ ይታይ። ትምህርቱ ሁሉ ሥጋውን በወረቀት ፎጣ አድርቆ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ብቻ ድስት ውስጥ መጨመር ላይ ነው። ቁሌት የለመደ እጅ እዚህ ጋ ይቸገራል፤ እኛ ሽንኩርቱ ውሃውን እንዲያወጣ እንፈልጋለን፣ እዚህ ግን ውሃ ጠላት ነው። እርጥብ ሥጋ ወይም የተጨናነቀ ድስት እንፋሎት ይፈጥራል፣ ሥጋውም ሳይቀላ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ መቅላቱ በደንብ አይታይም። ይህ የድሮዎቹ ክፍሎች ትልቁ ጉድለት ነው፤ የቀለም ስርጭት የመጣው በ1970 ነውና። ስለዚህ በጆሮ መከታተል ይሻላል፦ ቸስ የሚለው ድምፅ ወደ መንተክተክ ከተለወጠ ሥጋው ውሃ አውጥቷል ማለት ነው።

ለ1 ኪሎ ተኩል ሥጋ አንድ ጠርሙስ ወይን ለጥቂት ይጎድለው ይሆናል እንጂ ይበቃል። ደረቅ ወይን ይሁን፤ ከአገር ውስጥ ጉደር ይሆናል፣ አክሱማይት ግን ጣፋጭ ስለሆነ መረቁ ሲወፍር እንደ ማር ይሆናል። በአሠራሩ ውስጥ ያለውን የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው በ2 ማንኪያ ዘይትና በትንሽ ጨው ይተካዋል፤ ወጡ አይበላሽም። ድስቱ ተከድኖ በ160 ዲግሪ ምድጃ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይቆያል ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ግን ሥጋው ይዘገያል። ሰዓቱን ትቶ ሹካ ማመን ነው።

የ1963ቱን የድንች ክፍል የምንመክረው ለአንድ ቅጽበት ብለን ነው። ጁሊያ የድንቹን ቂጣ ስትገለብጥ ከፊሉ ምድጃው ላይ ይወድቃል፤ ለቅማ ትመልሰውና ያመነታችው እሷ እንደሆነች ሳትደብቅ ትናገራለች። ግማሽ ልብ ሆኖ የተገለበጠ ነገር ይሰበራል፤ ታችኛው ገጽ ሳይጠበስና ሳይጠነክር ከተነካም እንዲሁ። (ዶሮ መሬት ላይ ጣለች እየተባለ የሚወራው ሐሰት ነው።) የዛሬ አዘጋጅ ይህን ቆርጦ ይጥለው ነበር፤ ለተማሪ ግን ከአሥር የተሳካ ግልበጣ ይበልጣል።

ስለ ሎብስተር (ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ) የተሠሩት ክፍሎች ያምራሉ፣ ቶሎ ግን አያስፈልጉም። ከባዱ ቅሬታችን ቅቤውና ክሬሙ ነው፤ በጾም ወራት የሚሠራበት ነገር ከዚህ ፕሮግራም ማግኘት ይቸግራል። ዳቦው ግን ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ ነው። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ገደማ ይገባል፤ ሊጡ ብዙ በማይሞቅ ቦታ ሳይቸኮል ከ3 እስከ 5 ሰዓት ኩፍ ይላል። ቶሎ ኩፍ ካለ ጣዕም አያወጣም። ቅርፊቱ የሚሰነጠቀውና ዳቦው ሳያድግ የሚቀረው ምድጃው እንፋሎት ስለሌለው ነው። ጁሊያና ባለቤቷ ለዚህ ያገኙት መላ በደንብ የጋለ ጡብ ውሃ ባለበት መጥበሻ ውስጥ ጥሎ የምድጃውን በር ወዲያው መዝጋት ነበር። መጥበሻው የብረት ይሁን፤ ብርጭቆ ይፈነዳል።