ርካሽ ጊታር ከስምንት ወር የሮክ ሶሎ በኋላ

ጊታሩ ስም የሌለው የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር) ቅጂ ነው፤ 22 ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካ ቀጭን ብረት) እና ሦስት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበል ባለ አንድ ጥቅል ማግኔት) አለው። ደሴ ውስጥ ስምንት ወር፣ በአብዛኛው ለሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ ለሚጫወተው ክፍል) ልምምድ አገልግሏል። ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ከካርቶኑ እንደወጣ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) ነው።

የሮክ ሶሎ ግማሹ ቤንድ (ክሩን በጣት ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ) ነው። የዚህ ጊታር ብሪጅ በሦስት ስፕሪንግ ተይዞ ተንሳፎ ስለሚመጣ፣ አንዱ ክር ሲገፋ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የቀሩት ክሮች ይላላሉ። ለመፈተሽ ሁለተኛውን ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ይዞ፣ ሦስተኛውን ክር ሰባተኛ ፍሬት ላይ መግፋት ነው። ሁለቱ "ኢ" ላይ መገናኘት አለባቸው። እዚህ ግን የተገፋው ሲወጣ የቆመው ይወርዳል፤ ጣት ቢላጥም አይገጥሙም። ጀማሪ "ጆሮዬ ነው" ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ጆሮው ደህና ነው።

መፍትሔው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የኋላውን ክዳን ፈትቶ ስፕሪንጎቹን አምስት ማድረግ፣ ከዚያ የተንጠለጠሉበትን ብረት ሁለት ብሎኖች ብሪጁ እንጨቱ ላይ እስኪተኛ ድረስ በየተራ ግማሽ ዙር ማጥበቅ። ትርፍ ስፕሪንግ ካልተገኘ፣ ከብሪጁ ሥር ባለው ወፍራም ብረት (ብሎክ) እና በጉድጓዱ የኋላ ግድግዳ መካከል (ስፕሪንጎቹ በሌሉበት በኩል) በልኩ የተቆረጠ የወይራ እንጨት መሰካት ይቻላል። የትሬሞሎው ዘንግ (ብሪጁን እያነቃነቀ ድምፁን የሚያወዛውዘው) ያኔ ሥራ ያቆማል፤ ለዚህ ደረጃ ሶሎ ብዙም አይናፍቅም።

ክሩን ሲቃኙ "ጢን" ብሎ የሚዘል ከሆነ ነቱ (ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) ክሩን ነክሶታል ማለት ነው። ክሩን አላልቶ ቦዩን በእርሳስ መቀባት ያስተካክለዋል። አብሮ የመጣው ክር ይጣል፤ በ9 የሚጀምረው (ቀጭኑ ክር 0.009 ኢንች የሆነው) ስብስብ ለመግፋት ይቀላል። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ከፍ ባሉት ፍሬቶች የተገፋው ድምፅ መሀል ላይ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን) በትንሹ ከፍ ማድረግ ነው።

ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ይዘውት ሲወርዱ ክሩ ስለሚላላ ቅኝቱ ይወርዳል። ደርሶ ሩብ ሰዓት አሳርፎ መቃኘት እንጂ መንገድ ላይ መነካካት ትርፍ የለውም።

ወደ ሶሎ ምርጫው ስንመጣ፣ ወሎ ያደገ ጆሮ ሳያውቀው ስንቅ ይዟል። የሮኩ ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖታ ስኬል)፣ ማለትም ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ከኤ የተነሣ ባቲ ማይነር ቅኝት ነው፤ አምስቱም ኖታ አንድ ነው። የሚያደናቅፈው ስድስተኛው እንግዳ፣ ብሉ ኖት የሚባለው (በአምስተኛው ክር ስድስተኛ ፍሬት) ነው። ቅኝቱ ውስጥ ስለሌለ ጣት ይዘለዋል፤ ለብቻው ይለመድ።

ለመጀመሪያ የኒርቫና "ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት" (1991) ይመረጣል፤ ሶሎው የዘፈኑን ዜማ ስለሚከተል አፍ የያዘውን ጣት ይፈልጋል። ቀጥሎ "ስቴርዌይ ቱ ሄቨን" (1971)፤ መነሻው አምስተኛ ፍሬት ላይ ያለው የኤ ማይነር ሳጥን (የጣት አቀማመጥ) ነው። "ኮምፎርታብሊ ነም" (1979) በፍጥነት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ረጅሙ ቤንድ ነው። ብሪጁ ሳይስተካከል አይሞከር።

ቤንድ ሲጠና መድረሻው አስቀድሞ ይሰማ። ሁለተኛውን ክር አሥረኛ ፍሬት ላይ መትቶ ድምፁን መያዝ፣ ከዚያ ስምንተኛውን በሦስት ጣት ገፍቶ እዚያው ማድረስ። አንድ ጣት ብቻውን አይችልም፤ ኃይሉ የሚመጣው ከእጅ አንጓ መዞር ነው። ሁለት ሁለት ባር (የምት ክፍል) እየቆረጡ በግማሽ ፍጥነት መጀመር፣ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ንጹሕ ሲወጣ ብቻ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ በ5 ምት መጨመር። ስድስተኛው ከተበላሸ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ እልህ የሚያስለምደው ስሕተቱን ነው።

ከስምንት ወር በኋላ ያረጀው ምንድን ነው? የጃኩ (የገመዱ መሰኪያ) ማሰሪያ ነት ሁለት ጊዜ ላልቶ ገመዱ ሲነካ ድምፅ ቆርጧል፤ ሶኬቱን ከውስጥ ይዞ ማጥበቅ ያስፈልጋል፣ አለዚያ አብሮ ዞሮ ሽቦውን ይበጥሳል። ፒክአፖቹ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) አጠገብ ያጉረመርማሉ፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ አቅጣጫ መቀየር ይቀንሰዋል። ፍሬቶቹ ከ12 እስከ 15 ድረስ በሁለተኛውና በሦስተኛው ክር ሥር መቦርቦር ጀምረዋል፤ ቤንድ የሚበዛው እዚያ ነው። ገና አያንጫጫም።