ዛምፕ 8.2.12፦ ለድሬዳዋ ጀማሪ ፕሮግራመር

ለከዚራ ሱቅ የሽያጭ መመዝገቢያ ለሚሠራም ሆነ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለያዘ ተማሪ፣ የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሆነውን ፒኤችፒን ለመጀመር ከዛምፕ የተሻለ መነሻ የለም። ገጾችን የሚያቀርበውን ሰርቨር አፓችን፣ ዳታቤዙን ማሪያ ዲቢን (ዛምፕ ውስጥ ማይኤስኪውኤል ተብሎ ይታያል)፣ ፒኤችፒንና ዳታቤዙን በብራውዘር ማስተዳደሪያውን ፒኤችፒ ማይ አድሚንን በአንድ ፋይል ይዞ ይመጣል። የዊንዶውሱ ፋይል 150 ሜጋ ገደማ ስለሆነ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል፤ እዚያው ማሽን ላይ ሰርቨሮችን ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬደው ዶከር ዴስክቶፕ ሲያቃስት ይውላል፣ በከሰዓቱ የድሬ ሙቀት ደግሞ ፋኑ አያርፍም።

ሲጭኑት ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አያስገቡት፤ ዊንዶውስ እዚያ መጻፍ ይከለክለዋል። አፓች ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ፖርት 80ን (የድረ ገጽ ጥያቄ የሚገባበትን የበር ቁጥር) ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። የዛምፕ ኮንትሮል ፓነል ላይ ኔትስታት የሚለውን ሲጫኑ ማን እንደያዘው ይታያል። ካልሆነ አፓችን ወደ 8080 ማዛወር ነው።

ከጫኑ በኋላ የፒኤችፒን ኮንፊግ ፋይል (php.ini) ሳያርሙ ሥራ መጀመር ግን አይገባም። ዛምፕ የሰዓት ቀጠናውን በርሊን አድርጎ ነው የሚመጣው፤ እንዳለ ከተተወ ሽያጩ እንደ ወቅቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ይመዘገባል። በአዲስ አበባ ይተኩት። እዚያው ፋይል ውስጥ ኢንትል (intl) ከሚለው ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) ፊት ያለችውን ሴሚኮለን አጥፍተው አፓችን እንደገና ቢያስነሱት፣ ፒኤችፒ ራሱ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማውጣት ይችላል። ይህን ሳያውቁ የጳጉሜን ሒሳብ በእጃቸው ለመጻፍ የሚደክሙ ብዙ ናቸው።

አማርኛው ዳታቤዝ ውስጥ ጥያቄ ምልክት እየሆነ ካስቸገረ፣ ሠንጠረዡም ግንኙነቱም ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4 (utf8mb4) በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ መሆናቸውን ይዩ። እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝ የፒኤችፒው ርዝመት መቁጠሪያ ስትርሌን «ድሬዳዋ»ን 12 ብሎ ይቆጥራል፤ ትክክለኛውን 4 የሚሰጠው ኤምቢ ስትርሌን ነው። የስም ርዝመት የሚገድብ ፎርም ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይወጣል።

የዛምፕ ትልቁ ድክመት መብራት ሲጠፋ ነው። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ድርግም ካለ፣ መብራቱ ሲመለስ ማይኤስኪውኤል ባልታሰበ ሁኔታ ቆመ የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የተበላሸው የእርስዎ ዳታ ሳይሆን የተጠቃሚና የፈቃድ መረጃ የያዙት የሲስተም ሠንጠረዦች ናቸው። ስለዚህ ምንም አይሰርዙ፣ የዳታቤዞችዎን የጋራ መረጃ የያዘውን አይቢዳታ1 (ibdata1) የሚባለውን ፋይል በተለይ። በማይኤስኪውኤል ፎልደር ውስጥ ያለውን ዳታ ፎልደር ስሙን ቀይረው ያቆዩት፤ ጎኑ ያለውን ባካፕ የሚባል ፎልደር ገልብጠው ዳታ ብለው ይሰይሙት፤ ከዚያ የራስዎን የዳታቤዝ ፎልደሮችና አይቢዳታ1ን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይቅዱ። የፈጠሯቸው የዳታቤዝ ተጠቃሚዎች ይጠፋሉ፣ እንደገና ይፈጥሯቸዋል። ሲነሳ የመጀመሪያው ሥራ ሁሉንም ኤክስፖርት አድርጎ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ነው። በየቀኑ ማታ ኤክስፖርት የሚያደርግ ሰው ይህን ሁሉ ጣጣ አያየውም።

ዛምፕ የመሥሪያ እንጂ የማገልገያ ሰርቨር አይደለም። ሩት የሚባለው ሙሉ ሥልጣን ያለው የዳታቤዝ ተጠቃሚ ያለ ፓስወርድ ስለሚመጣ ለደንበኛ እንዳለ ጭኖ መስጠት ተገቢ አይደለም። ሥራውን ወደ ሊኑክስ ሆስቲንግ ሲያዛውሩም የፋይል ስሞችን ይፈትሹ፤ ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን አይለይም፣ ሊኑክስ ግን ይለያል፤ ላፕቶፑ ላይ ሲከፈት የነበረ ገጽ እዚያ አልተገኘም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።