«አሸዋ አይበላውም» የተባለ የጉድጓድ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ጉድጓዱ አሸዋ ማምጣት ሲጀምር ገበያ ላይ የሚቀርብ ጥቅል አለ፦ «አሸዋ የማይበላው» ሰብመርሲብል (ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ) ፓምፕ፣ ከነማጣሪያው። አትክፈሉበት። በተለይ በመቂና በባቱ አካባቢ ለመስኖ የምታስቆፍሩ ልብ በሉ፤ መሬቱ የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ የበዛበት ነው።

ማጣሪያው የሚገጠመው ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ነው። አሸዋው እዚያ የሚደርሰው በፓምፑ ውስጥ አልፎ፣ የሚበላውን በልቶ ነው። ታንከሩንና የጠብታ መስኖውን መስመር ይጠብቃል፤ ፓምፑን ግን አንድ ቀን አያሰነብተውም። ሻጩም ይህን ያውቃል።

ፓምፑም ቢሆን ተአምር የለውም። ጥሩ የሚባለው የስቴንለስ ፓምፕ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 50 ግራም አሸዋ ነው። በሰዓት 5 ሜትር ኩብ እየሳበ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በዚህ መጠን ብቻ በየቀኑ 2 ኪሎ አሸዋ ያልፍበታል። መጀመሪያ የኢምፔለሩ (እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል) ቀለበትና የዘንጉ ጎማ ቡሽ ይሰፋሉ፤ ሞተሩ እየዞረ ውሃው ይቀንሳል። ቀጥሎ ዘንጉ መወላገድ ይጀምራል። ፓምፑ ሲቆም ደግሞ ቧንቧው ውስጥ የነበረው አሸዋ ወደ ታች ይወርድና ይጠቀጥቀዋል። በማግስቱ ሲነሣ መዞር አቅቶት ከፍተኛ አምፔር ይስባል፤ ኦቨርሎዱ (አምፔር ከልክ ሲያልፍ ሞተሩን የሚያጠፋው መሣሪያ) በልኩ ካልተስተካከለ የሞተሩ ሽቦ ይቃጠላል። ያኔ «መብራቱ ነው ያቃጠለው» ትባላላችሁ። ጋራንቲውን አንብቡት፤ የአሸዋ ጉዳት ብዙ ጊዜ አይሸፈንም።

«ስክሩ ፓምፕ ውሰዱ» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ደቃቅ አሸዋን ከኢምፔለር የተሻለ ይችላል፣ ነገር ግን ለአነስተኛ ውሃ የሚሆን ነው፤ ጎማውም ያልቃል፣ ውሃ ሳይኖር ከሠራ ወዲያው ይቃጠላል። መሳቢያው ላይ ወንፊት ወይም ጨርቅ መጠቅለል ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ይደፈናል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በጎኑ የሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ውሃው ሲቀንስ ሞተሩ ይግላል።

አሸዋ የሚያዘው ፓምፑ ጋ ሳይደርስ ነው። አሸዋ የሚያመጡ የነዳጅ ጉድጓዶችም ቢሆኑ ስክሪን (ውሃ ወይም ነዳጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው ቧንቧ) እና ጠጠር ከታች ይደረግላቸዋል። የእናንተ ስክሪን በፋብሪካ የተሰነጠቀ፣ ስንጥቁም ከጉድጓዱ በወጣው የአፈር ናሙና የተመረጠ ይሁን። ሜዳ ላይ በግራይንደር ወይም በጋዝ የተቀደደ ኬዚንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቧንቧ) ርካሽ ነው፤ ቀዳዳው 3 ሚሊሜትር ደርሶ ሁሉን ያሳልፋል። በዙሪያው ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ የታጠበ፣ ክብና እኩል የሆነ ጠጠር ይግባ። ከገደል የተቆፈረ ጠጠር ከነአፈሩ ሲጣልበት አይታችሁ ዝም አትበሉ። ከዚያ ጉድጓዱ ውሃው እስኪጠራ በኮምፕሬሰር አየር ይታጠብ፤ ዋጋ ሲቀንሱ መጀመሪያ የሚቆርጡት ይህንን ነው። ፓምፑ በስክሪኑ ትይዩ ወይም በጉድጓዱ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ስንጥቅ በሌለው ኬዚንግ ውስጥ፣ ከታች ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቼክ ቫልቭም ይኑረው።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት በርሜል አቅርቡ። ፓምፑ እንደተነሣ አንዴ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛ 200 ሊትር ሙሉ፤ አሸዋው ሲረጋ ውሃውን በቀስታ ደፍታችሁ የቀረውን አድርቁት። በሁለተኛው በርሜል ከ10 ግራም፣ ማለትም ከሙሉ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ከፍ ካለ መጠን በላይ ከተገኘ ገንዘቡን ያዙ። ውሉ ላይ የስክሪኑ ጥልቀትና ስንጥቅ፣ የጠጠሩ መጠንና ጉድጓዱ ለስንት ሰዓት እንደታጠበ በጽሑፍ ይግባ።

ጉድጓዱ ከተቆፈረ ቆይቶ ከሆነ መጀመሪያ ጌት ቫልቩን (የመውጫ ቧንቧውን መዝጊያ) በከፊል ዘግታችሁ ውሃውን ቀንሱ። ብዙ ስትስቡ ውሃው በስክሪኑ በኩል ይፈጥናል፤ የፈጠነ ውሃ አሸዋ ይዞ ይመጣል። ማብራትና ማጥፋትም አታብዙ። ካልተሻለ በኮምፕሬሰር እንደገና ማሳጠብ፣ ኬዚንጉ ሰፊ ከሆነም በውስጡ ጠባብ ስክሪን ከነጠጠሩ ማስገባት ይቻላል።