ካን አካዳሚ፦ ልጄ ቤት ውላ የተማረችበት መተግበሪያ

ልጃችሁ ቤት ሆኖ እንዲማር ከፈለጋችሁ ካን አካዳሚን ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ነጻ ነው። ማስታወቂያ የለውም። ደግሞ ከልቡ ያስተምራል። ስልኩን ለልጁ ሰጥታችሁ ዞር የምትሉ ከሆነ ግን ብዙ አትጠብቁ። አጠገቡ ሰው ያስፈልጋል። ሰውየው የተማረ መሆን የለበትም፤ የሚጠይቅ ከሆነ ይበቃል።

የምንኖረው ግንፍሌ አካባቢ ነው፤ እኔ፣ እናቴና ሁለቱ ልጆቼ። ትልቋ ሶሊ አምስተኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ ጀሶ ገባና ሐኪሙ ከቤት እንዳትወጣ አዘዘ። ትምህርት ቤቷ ወርክሺት በቴሌግራም ይልክላት ጀመር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ከተወሰነ ወዲህ ይህን አሠራር የማያውቅ የአዲስ አበባ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ወርክሺት ግን ጥያቄ እንጂ ትምህርት አይደለም። ልጅ ሳይማር ጥያቄው ከደረሰው፣ የሚሠራው እናቱ ናት። እኔም ማታ ከሥራ ገብቼ የደበዘዘ የወረቀት ፎቶ እያጎላሁ ማንበብ ሲመረኝ ነው ሌላ መላ የፈለግኩት።

የመተግበሪያውን አነሳስ ሳነብ ነገሩ ለኛ ቤት የተሠራ መሰለኝ። ሳል ካን በ2004 እ.ኤ.አ. ቦስተን ሆኖ፣ ኒው ኦርሊንስ ያለች አንዲት የዘመድ ልጅ ሒሳብ ስለከበዳት ከሩቅ ያስጠናት ጀመር። ሌሎች ዘመዶችም ተጨመሩ። በ2006 ቪዲዮ እየሠራ ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመረ፤ በ2008 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ። ከጥንስሱ የርቀት ትምህርት ነው ማለት ነው። ቪዲዮዎቹንም ስታዩ ይታወቃል። አብዛኞቹ ላይ የአስተማሪው ፊት የለም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀለም እየጻፈ ያወራል፤ ረጋ ብሎ፣ ልጅቷ አጠገቡ እንዳለች አድርጎ። ሶሊ እንግሊዝኛው ሲፈጥንባት ፍጥነቱን ቀንሳ፣ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበበች ትከታተላለች።

ትልቁ ነገር ያለው ግን መልመጃው ላይ ነው። አንዱን ልንገራችሁ። ጥያቄው “ከ3/8 እና ከ2/5 የትኛው ይበልጣል?” የሚል ነው። ሲያቅት የሚጫኑት የፍንጭ ቁልፍ አለ። ፍንጩ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ እስከ መጨረሻው ከተጫኑት መልሱ ራሱ ቁጭ ይላል። ፍንጭ የተወሰደበት ጥያቄ እንደተሳተ ነው የሚቆጠረው። ልጅ ግን ለሱ ምን ገዶት! ሶሊ ቁልፉን ጠቅ ጠቅ እያደረገች በጣም ብዙ ጥያቄ “ሠራች”፤ ስጠይቃት አንዱንም አታውቀውም።

መላውን የዘየደችው እናቴ ናት። እንግሊዝኛ አታነብም። ሾላ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ነው የኖረችው፤ ስለዚህ ቁጥር አይደናገራትም። ቀን ቀን ከልጆቹ ጋር የምትውለው እሷ ናት። አንድ ቀን ጥያቄው ላይ እንዳሉ “ቆይ እስቲ፣ ሰውየው ምን አለሽ? ለኔም አስረጂኝ” አለቻት። ሶሊ ነገረቻት። እማዬ ሁለት እኩል የሆኑ ዳቦዎች አመጣች። አንዱን ለስምንት ቆርጣ ሦስቱን፣ ሌላውን ለአምስት ቆርጣ ሁለቱን አነሳችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

“እኩል ናቸው” አለች።

በዓይን አይለይማ! ሶሊም ግራ ገባት። የጋራ ታህት የሚባለው ነገር፣ ማለትም የሁለቱን ክፍልፋዮች የታች ቁጥር አንድ ማድረግ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባት ያኔ ነው። ደብተሯን ሳብ አድርጋ ሁለቱንም ወደ አርባኛ ቀየረቻቸው፤ 15/40 እና 16/40።

“እማማ፣ ሁለት አምስተኛ ይበልጣል! በአንድ አርባኛ!”

“እሱማ ቀላል መሰለሽ? በኩንታል ሁለት ኪሎ ተኩል እኮ ነው” አለቻት እማዬ። እኔ ይህን ስሰማ ስልኬ ላይ አሰላሁት። ልክ ናት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ቪዲዮው፣ ቀጥሎ ደብተር ላይ መሥራት፣ ከዚያ ለእማማ ማስረዳት፣ መልሱን ስልኩ ላይ መጻፍ በመጨረሻ። ፍንጭ የሚነካው እማማ ከፈቀደች ነው። ብዙ ሰዓት አይደለም የምትማረው። ቁርስ ከበላች በኋላ እስከ ቡና ድረስ ነው፤ ቡናው ሲፈላ ስልኩ ይነሳል። እኔ የነገርኳትን ሁሉ የምትረሳ ልጅ ለአያቷ ያስረዳችውን አትረሳም።

የማይመቹም ነገሮች አሉት። የገንዘብ ጥያቄዎቹ በአሜሪካ ዶላርና ሳንቲም ናቸው፤ ልኬት ላይ ኢንች፣ ማይልና ፓውንድ ይመጣል። እነዚያን እየዘለላችሁ እለፉ። የክፍል ቁጥሩም ከኛ ጋር አይገጥምም። “አምስተኛ ክፍል” የሚለውን አትከተሉ። የልጃችሁን መማሪያ መጽሐፍ ክፈቱና የምዕራፉን ርዕስ ካን ላይ ፈልጉት፤ ክፍልፋይ ከሆነ ክፍልፋይ፣ አንግል ከሆነ አንግል። ሶሊ መጽሐፏ ላይ ያለውን ርዕስ ካን ላይ ከአራተኛ ክፍል ያገኘችበት ጊዜ አለ፤ ዝቅ ያለች መስሏት ከፍቷት ነበር፤ ተረድተን አለፍነው።

ዳታ ላይ ተጠንቀቁ። ቪዲዮ ካርድ ይበላል። መተግበሪያው ቪዲዮ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማየት ያስችላል፤ እኔ የሳምንቱን ከመሥሪያ ቤት ዋይፋይ አውርጄ እሄዳለሁ። መብራት ሲጠፋም ስልኩ ቻርጅ እስካለው ድረስ ትምህርት አይቋረጥም። መልመጃው ግን ኔትወርክ ይፈልጋል።

ለትንሹ ልጄ ለናቲ ደግሞ ካን አካዳሚ ኪድስ የሚባለውን ጭኜለታለሁ። ከሁለት እስከ ስምንት ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ እሱም ነጻ ነው። ኮዲ የምትባል ድብ አለችበት፣ ናቲ ጓደኛው አድርጓታል። ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ ጥሩ አድርጎ ያስይዛል። ሀሁን ግን የሚማረው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የፊደል ገበታ ነው፤ አስተማሪዋ ያው እማማ ናት። ለሶሊ የሚሆን የአማርኛ ንባብም ካን ላይ አታገኙም። ጀሶዋ ከተፈታ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እወስዳታለሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለዚህ ሰፈር ልጆች ትልቅ ጸጋ ነው። የልጆች ክፍል አለው፤ ቅርብ የሆናችሁ እንዳያመልጣችሁ።

አካውንት ስትከፍቱ፣ ልጁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ በናንተ ኢሜይል አድርጉት። ልጁ ምን እንደሠራ፣ የት ላይ እንደተቸገረ ከናንተ በኩል ይታያችኋል። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ እሱን አይቼ ማታ ስለዚያው አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃታለሁ።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ያስቀነሰኝ ትምህርቱን በአማርኛ ተሟልቶ አለማግኘቴ ነው። ሶሊ የግል ትምህርት ቤት ስለሆነች ሒሳብን በእንግሊዝኛ ነው የምትማረው። የጎረቤታችን ልጅ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ሒሳብን በአማርኛ ነው የሚያውቀው። አንዳንድ ቀን እኛ ቤት መጥቶ አብሯት ይቀመጣል፤ ቪዲዮውን እያቆመች ትተረጉምለታለች። የኛን መማሪያ መጽሐፍ ይዞ፣ እንደዚያ ረጋ ብሎ፣ በአማርኛ የሚያስረዳ አስተማሪ ቪዲዮ ቢሠራልን የመጀመሪያዋ አውራጅ እኔ ነኝ።