የኩባ ዘር ማንዘር ለሚፈልግ፦ ነጻው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እንዴት ነው?

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። የኩባ ቤተሰባችሁ ሥር ወደ ባርነት ዘመን የሚወስድ ከሆነ፣ እኔ ስሌቭ ሶሳይቲስ ዲጂታል አርካይቭ ከሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ ቤት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ደግሞ ክፍያ የለውም። አሜሪካ፣ ናሽቪል ያለው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ነው የያዘው። የታሪክ ምሁሯ ጄን ላንደርስ በ2003 ጀመሩት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የኩባ፣ የብራዚል፣ የኮሎምቢያና የድሮዋ የስፔን ፍሎሪዳ መዛግብት ፎቶ ተነስተው ገብተውበታል። ከኩባ የሃቫና፣ የሬግላና የማታንዛስ አብያተ ክርስቲያናት አሉ።

እኔ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባለው የኩባ ደሴት ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዷ ነኝ። ባለቤቴ የማታንዛስ ልጅ ነው። ልጃችን የእኔን ወገን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራለች። በአባቷ በኩል ግን አያት ላይ ደርሳ ትቆማለች። ፍለጋውን የጀመርነው ለእሷ ነው። እንደኛ ኩባ ተምራችሁ፣ አግብታችሁ ወልዳችሁ የተመለሳችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

አጠቃቀሙ ትዕግሥት ይጠይቃል። አብዛኛው የሚነበበው ስም ጽፎ በመፈለግ ሳይሆን ገጽ በመግለጥ ነው። አገሩን፣ ከተማውን፣ ደብሩን፣ ከዚያ መጽሐፉን ትመርጣላችሁ። የነጮች መጽሐፍ ለብቻ ነው፣ የጥቁሮችና የክልሶች ለብቻ። ስለዚህ ቢያንስ ደብሩንና ግምታዊ ዓመቱን ሳታውቁ አትግቡ፤ ትሰለቻላችሁ።

የአንድ ጥምቀት ጽሑፍ ይህን ይመስላል። ካህኑ ቀኑን ይጽፋል። ተጠማቂው ትልቅ ሰው ከሆነ «አዱልቶ» ይላል። ቀጥሎ ከአፍሪካ የመጣበትን ወገን ይጽፋል፦ «ደ ናሲዮን ሉኩሚ» (ወገኑ ሉኩሚ)፣ ወይም ኮንጎ፣ ወይም ካራባሊ። ከዚያ የጌታው ስም ከነማዕረጉ። ከዚያ ክርስትና ያነሳው ሰው። ለተጠማቂው የተሰጠው ስም ግን ብቻውን ይቆማል። ሆሴ። ማሪያ። የአባት ስም የለም። ሰውን በአባቱ ስም ለምንጠራ ለእኛ ይህን ማየት ያማል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያየው ኮምፒዩተሩን ትቶ ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የኩባው መዝገብ ሁሉ በስፓኒሽ ነው፤ የተመዘገበው ሰው አፍ የፈታበት ቋንቋ ግን ሌላ ነው። ይህን ካልያዛችሁ መዝገቡን አንብባችሁም ሰውየውን አታገኙትም። ሉኩሚ የተባሉት በአብዛኛው በዛሬዋ ናይጄሪያ አካባቢ የነበሩ የዮሩባ ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። ኦዮ የሚባለው የዮሩባ መንግሥት በ1830ዎቹ ሲፈርስ በብዛት ተማርከው ተሸጡ። ባሪያ ማስገባት ያኔ በውል ከታገደ ቆይቶ ነበር፤ መርከቦቹ ግን አላቆሙም። ካራባሊ ሲል ደግሞ ተጠንቀቁ። ሰዎቹ በዛሬዋ ናይጄሪያ ካለችው ከካላባር አካባቢ ወደቦች ተጫኑ ማለት እንጂ አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር ማለት አይደለም። ኢግቦም፣ ኢቢቢዮም፣ ኤፊክም ሊሆኑ ይችላሉ። የሐረር ቡና በሞካ ወደብ ስላለፈ ሞካ እንደተባለው ነው። ኮንጎም እንደዚሁ ሰፊ ነው።

ይህን የማያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ገንዘብ ከፍለን አየነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የዘር ሐረግ አጥኚ ድርጅት «ሉኩሚ»ን የአባት ስም አድርጎ ቆንጆ የቤተሰብ ዛፍ ሠርቶ ላከልን። በዛፉ ላይ ከባለቤቴ ቅድመ አያት ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ወንድማማች ሆነዋል። እርግጥ ቃሉ የቤተሰብ ስም ሆኖ የቀረላቸው ሰዎች አሉ። ግን ያንን የሚያረጋግጠው ቀጣዩ ትውልድ መዝገብ ነው። እሱን ሳያዩ መገመት ሥራ አይደለም።

አርካይቩ የማይረዳባቸው ወገኖችም አሉ። አማቴ ከካማጉዌይ ናቸው፤ አባታቸው ሸንኮራ ሊቆርጡ ከሄይቲ የመጡ ናቸው። የሄይቲ ሠራተኞች በብዛት መግባት የጀመሩት ከ1913 ወዲህ ነው፤ ባርነት ደግሞ በ1886 አብቅቷል። ስለዚህ እነሱን እዚህ አትፈልጉ። ከ1885 ጀምሮ የተቋቋመው የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ነው የሚሻለው። እዚያም ስሙ የሚጻፈው ስፓኒሽ ተናጋሪው ጸሐፊ በሰማው ልክ ነው። ፒየር የነበረው ፒዬ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሄይቲ ክሪዮል ዛሬም በኩባ ከስፓኒሽ ቀጥሎ ብዙ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ነው። አማቴ ሲናደዱ የሚመጣላቸው እሱ ነው፤ የአባታቸውን ትክክለኛ ስም ያገኘነውም ከእሳቸው አፍ ነው።

ቻይናውያንም አሉ። ከ1847 እስከ 1874 በኮንትራት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። ሲጠመቁ የስፔን ስም ተሰጥቷቸው የቻይና ስማቸው ጠፍቷል። እኛ የተማርንበት ደሴት ላይ ደግሞ በካሪቢያን ባሕር ካሉት ከኬይማን ደሴቶች የመጡ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ኮኮድሪሎ የምትባለውን መንደር የቆረቆሩት እነሱ ናቸው። የእነሱን ዘር የሚፈልግ ወደ ኬይማን ይዙር።

ስፓኒሽ ለማትችሉ፦ የእጅ ጽሑፉ ከባድ ነው፣ ምህጻረ ቃሉም ብዙ ነው። ግን ካህናቱ ሁልጊዜ ያንኑ ቀመር ነው የሚደግሙት። አንዱን ገጽ ስፓኒሽ ከሚችል ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ካነበባችሁ ሌላውን ራሳችሁ ትወጡታላችሁ። ድሮ ኢስላ አብሮን የተማረ ሰው ፈልጉ፤ አዲስ አበባ ሞልቷል።

የምትፈልጉትን ገጽ ስታገኙ የደብሩን ስም፣ የመጽሐፉን ቁጥርና የቅጠሉን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። ኩባ ያለ ዘመድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የጥምቀት ማስረጃ ሲጠይቅ የሚያስፈልገው እሱ ነው።