የድሮ ስፒከር ያላችሁ፣ ሀዋሳ ውስጥ ሰው አግኝቼላችኋለሁ

ሀዋሳም ሆናችሁ ሻሸመኔ ወይም ይርጋለም፣ ቤታችሁ ጥግ ላይ አቧራ የሚጠጣ የድሮ ስፒከር ካለ ይቺን ጽሑፍ አንብቡልኝ። ለቆራሌው ከመሸጣችሁ በፊት። በተለይ ደግሞ "ውስጡን አውጥተን ብሉቱዝ እንግጠምበት" ለሚል ሰው ከመስጠታችሁ በፊት።

የማመሰግናቸው ሰው አረብ ሰፈር አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል። "ሰው ሲበዛብኝ እጣደፋለሁ፣ ስጣደፍ ሥራ ይበላሻል" ነው ያሉኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የምር የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቦታውን እነግረዋለሁ።

ስፒከሮቹ የአጎቴ ናቸው፣ ነፍሱን ይማረውና። አስመራ ይሠራ በነበረ ጊዜ እዚያ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ጣቢያ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አሜሪካዊ ላይ ነው የገዛቸው። ኤአር 2ኤኤክስ ይባላሉ፣ የአኮስቲክ ሪሰርች ምርት ናቸው። አንዱ ስፒከር ባለ 10 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን የሚያወጣው)፣ አንድ ሚድ (የመሃለኛውን)፣ አንድ ትንሽዬ ትዊተር (የቀጭኑን) አለው። ከኋላው ደግሞ 2 ቮልዩሞች አሉ፣ አንዱ ለሚድ፣ አንዱ ለትዊተር። ክብደታቸው አይጣል ነው። እናቴ ለዓመታት የአበባ ማስቀመጫ አድርጋቸው ነበር፤ የስኒ ቀለበት በሉት፣ የሻማ ጠብታ በሉት፣ የዕጣን ጢስ በሉት፣ ያልነካቸው ነገር የለም። ሙዚቃ ሲከፈትባቸው አንደኛው የታፈነ ድምፅ ያወጣል፣ ሌላኛው ቤዝ በመጣ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው ሌላ ቤት ነው፤ ስም መጥራት አያስፈልግም። ልጁ ገና አንድ ብሎን ሳይፈታ ፈረደ። ትዊተሮቹ ተቃጥለዋል፣ ዉፈሮቹም አልቆላቸዋል አለ። መፍትሔው ምን መሰላችሁ? የመኪና ትዊተር መግጠም፣ ከኋላ ብሉቱዝና ፍላሽ የሚቀበል ቦርድ መክተት፣ ቤዙ እንዲመታ ደግሞ ካሳውን (የእንጨት ሣጥኑን) ከፊት መብሳት። ለዚህ ሁሉ የጠራው ዋጋ አዲስ ስፒከር ይገዛል። ደግነቱ የዚያን ቀን ድሪሉን ሰው ተውሶት ነበር።

ከዚያ ነው አንድ የጎረቤታችን ልጅ ወደ ጋሼ የጠቆመኝ።

ጋሼ ስፒከሮቹን ቶሎ ብለው አልሰኩም። የፊት ጨርቁን ቀስ ብለው አላቀቁና የእጅ ባትሪ አበሩበት። "ነይ እስቲ እዚህ ጋ ንኪው" አሉኝ። የዉፈሩን ወረቀት ዙሪያውን የያዘው ፎም ላይ ጣቴን ሳሳርፍ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። የሚንኮሻኮሸው ለካ ይሄ ነበር። ፎሙ ሲቀደድ ወረቀቱን መሃል ላይ የሚይዘው ነገር ይጎድላል፣ ኮይሉም (ከወረቀቱ ኋላ ያለው የሽቦ ጥምጥም) ከማግኔቱ ብረት ጋር ይፋተጋል። እንደነገሩኝ ይሄ ፎም ፖሊዩሬቴን የሚባል ነገር ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ቀስ በቀስ ይበሉታል። ብታጫውቱትም ባታጫውቱትም፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ብታስቀምጡትም ጊዜው ሲደርስ ይፈርሳል። ሃያ ዓመት ከቆየ ጥሩ ቆይቷል። እንደ እኛ ሐይቅ አጠገብ ለሚኖር ሰው ደግሞ ምን ልበላችሁ። የዚህ ሞዴል ቀደም ያሉት ዙሪያቸው ጨርቅ ነበር፣ ጨርቁ ይበረክታል፤ የእኛዎቹ ፎም ከመጣ በኋላ የተሠሩት ናቸው።

ዋናው ነገር ግን ኮይሉ ደህና ነው። በቴስተር ለኩልኝ። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ 8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ8 ዝቅ ብሎ ቢያሳይ ጤነኛ ነው፤ በዚህ ሰበብ ተበላሽቷል የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

አሁን ወደ ትዊተሮቹ። ይሄን ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። ጋሼ ካሳውን ከፈቱ፣ ውስጡ የታጨቀውን የመስታወት ሱፍ አወጡ (ጓንትና ማስክ አድርገው፣ እኔንም ውጪ አስወጥተው፤ ያ ነገር ቆዳ ያሳክካል፣ ለሳንባም ደግ አይደለም)። ከዚያ ጠሩኝና ሁለት ጫፍ ያላት አጭር ሽቦ አነሱ። ሙዚቃውን በጣም ዝግ አድርገው ከፈቱ። በሽቦዋ ቮልዩሙን ዘለው መስመሩን በቀጥታ አገናኙት። ተቃጠለ የተባለው ትዊተር ጭጭ እንዳለ ከርሞ የከበሮውን ሲንባል ሲስስስ አደረገው። ሽቦዋን ሲያነሱ ጠፋ። ሲያስነኩ መጣ። "ልጄ፣ ይሄ አልተቃጠለም። በሩ ነው የተዘጋበት" አሉኝ።

ቮልዩሙን ፈትተው አሳዩኝ። ውስጡ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፣ ላዩ ላይ የምትንሸራተት ምላስ አለች። ምላሷ የምትነካበት ቦታ አረንጓዴና ነጭ ዝገት ለብሷል። የዚህ ሞዴል የታወቀ በሽታው ይሄ ነው አሉ፤ ቮልዩሙ አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ ይዝጋል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ባለቤቱ ትዊተሩ ሞተ ብሎ ይጥለዋል። በእርሳስ ላጲስና በጥርስ ብሩሽ ፈገፈጉት፣ በኮንታክት ማጽጃ አጠቡት፣ ቀጭን ቅባት ቀብተው መለሱት። ከአራቱ ቮልዩሞች አንዱ ብቻ ነው አልድን ብሎ የተቀየረው። አራቱም ትዊተርና ሚድ የፋብሪካቸው ናቸው፣ አንዳቸውም አልተለወጡም። ሌላው ቤት እኮ አውጥቶ ሊጥላቸው ነበር!

ፊት ለፊት ስለሚበሳው ቀዳዳ ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። ከአኮስቲክ ሪሰርች መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤድጋር ቪልቹር እ.ኤ.አ. በ1954 ኤአር 1ን ሲያወጣ የፈጠራው እምብርት የካሳው መታሸግ ነበር። ዉፈሩ ሆን ተብሎ በጣም ልል ሆኖ ይሠራል፤ ወደ ቦታው የሚመልሰው ስፕሪንግ ካሳው ውስጥ የታፈነው አየር ነው። ትንሽ ካሳ ይህን የሚያህል ጥልቅ ቤዝ የሚያወጣው በዚህ ነው። ብትበሱት አየሩ ይወጣል፣ ዉፈሩ ልጓም ያጣል። ስለዚህ ጋሼ ሥራቸውን ሲጨርሱ ዉፈሩን ሲገጥሙ ዙሪያውን በማሸጊያ ማስቲሽ ዘጉት። ከዚያ ወረቀቱን በጣቶቻቸው እኩል ገፋ አድርገው ለቀቁት። ወዲያው አልተመለሰም፤ ቀስ... እያለ ነው የተመለሰው። "ቶሎ ከተመለሰ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው" አሉኝ። የታሸገ ካሳ ያለው ስፒከር ያላችሁ ቤታችሁ ሞክሩት፤ በለስላሳው ግን፣ መሃሉን ሳትጫኑ።

የፎሙ ሥራ ብቻውን ስንት ትዕግሥት እንደጠየቀ። አሮጌው ኮላ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ በአልኮልና በጥጥ እየተለሰለሰ በጥፍር ነው የተነሳው፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ስለሚችል ካቻቢቴ አይነካውም። የመሃሉን ክብ ቆብ በምላጭ ከፈቱና ኮይሉና ብረቱ መሃል ቀጫጭን ቁራጮች ሰኩ። ቁራጮቹ ከምን እንደተቆረጡ ገምቱ። ከአሮጌ የራጅ ፊልም! ኮይሉ በፊልሙ ተይዞ መሃል ላይ እንደቆመ አዲሱ ፎም ይለጠፋል፣ ያድራል፣ ጠዋት ፊልሙ ይወጣል፣ ቆቡ ይመለሳል። በመጨረሻ በስልካቸው 30 ኸርዝ የሚያህል ወፍራም ድምፅ ለቀው ጆሯቸውን አስጠጉ። ኮይሉ የሚፋተግ ከሆነ እዚህ ላይ ይጋለጣል። አልተፋተገም። ፎሙን የአክስቴ ልጅ ናት ከአሜሪካ ስትመጣ የያዘችልኝ፤ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ከመታዘዙ በፊት ግን ጋሼ ይለኩላችሁ፣ 10 ኢንች የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም።

ካፓሲተሮቹንም (ወደ ትዊተሩና ወደ ሚዱ የሚሄደውን ድምፅ የሚያጣሩትን ዕቃዎች) ቀይረዋል። ማሻሻል የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው። ድሮ የነበሩት ኤሌክትሮላይቲክ ናቸው፤ ከዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ፣ ልካቸውም ይዛባል። በመሣሪያ ለክተው የተጻፈባቸውና የሆኑት እንደማይገናኝ አሳዩኝ። ፊልም ካፓሲተር ነው የተኩበት፣ እሱ አይደርቅም። እኔ የሆነ ቦታ አንብቤ ኖሮ "ትንሽ ከፍ ያለ ማይክሮፋራድ ብናደርግስ?" አልኳቸው፤ ማይክሮፋራድ የካፓሲተር መለኪያ ነው። ሳቁብኝ። የትዊተሩ ካፓሲተር ከፍ ሲል ወፍራሙ ድምፅ ወደ ትዊተሩ ይወርዳል፣ ያኔ የምር ይቃጠላል። ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር ነው የሚገባው። አዲሱ ካፓሲተር ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ሊያሾለው ይችላል አሉ፤ ከኋላ ያሉት ቮልዩሞች ለዚህ ነው የተሠሩት፣ ዝቅ ማድረግ ነው። በወርቅ የተለበጠ ተርሚናልና ውድ ገመድ ይቀየርልኝ ብል ደግሞ "ብርሽን ሸክላ ግዢበት" ብለው ዘጉኝ። ባለሙያ ገንዘብ እንቢ ሲል አይቼ አላውቅም ነበር።

ካሳውን ያጸዱት በሳሙና ውኃ ተነክሮ ጥምቅ ተደርጎ በተጨመቀ ጨርቅ ነው። የስስ እንጨት ልባሱ ውኃ ከጠጣ ይነሳል። የሻማውን ጠብታ በፕላስቲክ ካርድ ላጡት። ሲደርቅ የተልባ ዘይት በስሱ ቀብተው ወለወሉት። የስኒው ቀለበት አንዱ ላይ ትንሽ ቀርቷል፣ ይቅር ብያቸዋለሁ። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ግን ጨብጠው አልጣሉትም፣ ደጅ አውጥተው ዘርግተው አሰጡት። የተልባ ዘይት ያለበት ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ይሄን የማያውቅ አናጺ ብዙ ነው፣ ያወቃችሁ ንገሩልኝ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ከመስጠታቸው በፊት በ1.5 ቮልት ባትሪ ዉፈሮቹን ፈተኑ፤ ፕላስ ከፕላስ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ፊት መውጣት አለበት። አንዱ ወደ ኋላ ገባ! ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ከፍቶ ገመዱን አገላብጦታል። ሁለቱ እየተቃረኑ ቤዙን ሲያጠፉት ነው የኖሩት ማለት ነው። (ይሄን ፈተና ትዊተር ላይ እንዳትሞክሩት።)

ድምፁን በጽሑፍ መግለጽ አልችልበትም። እናቴ ግን ከጓዳ ወጥታ "ማን መጣ?" አለች። ዘፋኙ ሳሎን ያለ መስሏታል። የአበባ ማስቀመጫዎቹ አሁን መስኮት ሥር ናቸው።

ያልወደድኩትንም ልናገር፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልባችሁ። ጋሼ ቀጠሮ ላይ ደካማ ናቸው። ነገ ማለት ሳምንት ሊሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋ ሱቁን ዘግተው ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፣ ስልክም አያነሱም። ሱቋ ውስጥ መቀመጫ የለም። የሠርግ ሞንታርቦና ባለ መብራት የቻይና ስፒከር አይቀበሉም፤ እሱን ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዳታስቀይሟቸው። ዋጋቸው ግን የመጀመሪያው ቤት ከጠራልኝ በግማሽ ያነሰ ነው፣ የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ ደግሞ በፌስታል አድርገው መልሰውልኛል።

ስትሄዱ አምፕሊያችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። እንዲህ ዓይነት ስፒከር ጉልበት ይፈልጋል፤ ደካማ አምፕሊ እስከ ጥግ ተከፍቶ ሲጨናነቅ ነው ትዊተር የሚያቃጥለው። ጋሼ አብሮ ያዩላችኋል። የፊት ጨርቁን ግን ቤት ውስጥ ራሳችሁ አትንቀሉት፣ ማጠብም አትሞክሩ፣ እንዳለ ውሰዱት።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው። እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የአጎቴን የሸክላ ማጫወቻ ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ይዤ እመጣለሁ፤ ቀበቶው ላልቶ ዘፋኙን ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ እያስባለው ነው።